ሠራተኛ ማኅበር በጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ አቋም ይያዝ? ለወሎ መሠረታዊ ማኅበራት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ጥያቄው ወደ ማኅበር ቢሮ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቀሪ መዝገብ በኩል ነው። አንዲት የስፌት ኦፕሬተር አራት ቀን ትቀራለች። የሐኪም ወረቀት ይዛ ትመለሳለች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሱፐርቫይዘሩ ያነበዋል፤ ማታ ሰርቪስ ውስጥ ወሬው ይዞራል። በሳምንቱ ልጅቱ ወይ በራሷ ትለቃለች ወይ ሌላ ሰበብ ተፈልጎላት ትሰናበታለች። ኮሚቴው ያን ጊዜ ተሰብስቦ «ለመሆኑ ማኅበራችን በዚህ ነገር ላይ አቋም አለው?» ቢባባል ለእሷ አይደርስላትም። አቋሙ ቀድሞ መያዝ አለበት።

ይህን ያዘጋጀነው በኮምቦልቻ፣ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በወልዲያና በአካባቢው ላሉ የፋብሪካ፣ የሆቴልና የግል ጤና ተቋም ማኅበራት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር አንዳንዱ ነገር ለእሱ አይሠራም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩት

«ስለ ውርጃ አቋም እንያዝ» የሚለው አጀንዳ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያጭቃል። አንደኛው ድርጊቱ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ሁለተኛው አባላችን ጽንስ ቢቋረጥባት ወይም ብታቋርጥ ሥራዋ፣ ደሞዟና ምስጢሯ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአገሪቱ ሕግ እንዳለ ይቆይ፣ ይስፋ ወይስ ይጥበብ የሚለው ነው።

የእኛ ፍርድ ግልጽ ነው። ሁለተኛው የማኅበር ሥራ ስለሆነ ማኅበር ሊሸሸው አይገባም። የመጀመሪያው የእያንዳንዱ አባል ሕሊና ነውና ድምፅ አይሰጥበትም። ሦስተኛው ላይ ማኅበር መናገር ይችላል፤ ግን በተለየ ድምፅ ከአባላቱ ውክልና ካገኘ በኋላ፣ ማኅበሩ አባል በሆነበት የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን በኩል ቢሆን ይሻላል። ሦስቱን በአንድ ውሳኔ ጠቅልሎ ለጉባኤ ያቀረበ ኮሚቴ ሁለተኛውንም ይዞ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ለእህቱ የሕመም ፈቃድ እጁን ሊያወጣ የመጣ ሰው፣ ከእምነቱ የሚጋጭ ዐረፍተ ነገር ሲያይ በጠቅላላው «አልፈልግም» ይላል።

በወሎ ይህ መለየት ይበልጥ ያስፈልጋል። በአንድ የማምረቻ መስመር (ላይን) ላይ የቆሙት ግማሾቹ ሙስሊም ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው፤ በአንድ ቤት ውስጥም ሁለቱ እምነቶች አሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውርጃን ትቃወማለች። በእስልምናም ሊቃውንቱ ከ120 ቀን በኋላ የእናትን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ አይፈቅዱም፤ ከዚያ በፊት ባለው ላይ ይለያያሉ። ይህን ክርክር የማኅበር ስብሰባ አይፈታውም። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የታመመች ልጅ ከእንጀራዋ ትባረር አይልም፤ የምትነሡት ከዚያ ነው።

ሌላ አገር የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ በ1979 ጥቅምት የእንግሊዝ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ የ1967ቱን የውርጃ ሕግ የሚያጠብ ረቂቅ በመቃወም በለንደን ትልቅ ሰልፍ ጠርቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ሰልፉ ይህን ያህል ጉልበት ያገኘው ኮንግረሱ በ1975 በጉባኤ ያሳለፈው ውሳኔ ስለነበረው ነው፤ ውክልናው ከመንገዱ አራት ዓመት ቀድሟል። የአሜሪካው ትልቁ ኮንፌዴሬሽን ኤ.ኤፍ.ኤል-ሲ.አይ.ኦ ደግሞ በ1990 ረጅም ክርክር ካደረገ በኋላ አባላቱ እጅግ ስለተከፋፈሉ አቋም ላለመያዝ ወሰነ። ሁለቱም ከራሳቸው አባላት አንጻር ያስኬዳሉ። የማያስኬደው አመራሩ ለአባላቱ ሳይነግር መግለጫ ማውጣቱ ነው።

ሕጉን በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ

ስብሰባ ላይ ሁለት ስህተት ይሰማል፤ አንዱ «በኢትዮጵያ ውርጃ ፈጽሞ ክልክል ነው»፣ ሌላው «አሁንማ ተፈቅዷል»። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 551 ግን በታወቀ የሕክምና ተቋም ሲደረግ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እነዚህም እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ወይም የጽንሱን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን፣ እንዲሁም እናቲቱ የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ስላለባት ወይም ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር ነው። አንቀጽ 552 በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ለመጣ እርግዝና የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ ምስክር ጥሪ የሚል ሰው ከሕጉ ውጪ እየጠየቀ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ማስፈጸሚያ መመሪያውን መጀመሪያ በ1998 ዓ.ም አውጥቶ በ2006 ዓ.ም አሻሽሎታል።

በሌላ በኩል አንቀጽ 546 ከሕጉ ውጪ ለሚደረግ ማስወረድ መንገድ ያመቻቸን ወይም የረዳን ሰው ጭምር ይጠይቃል። ስለዚህ የኮሚቴ አባል ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቶ አይሰጥም፤ «አንድ የማውቀው ሰው አለ» አይልም። የማኅበሩ ድርሻ ወደ ታወቀ ጤና ተቋም መላክ ብቻ ነው። ሕጉ ይሸፍናት አይሸፍናት የሚወስነውም ባለሙያው ነው፤ ሊቀመንበሩ ወይም ጸሐፊው በዚህ ጣልቃ አይገቡም።

ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሚከተሉትን ያዙ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ከነደሞዟ ፈቃድ ታገኛለች፤ ሐኪም ካዘዘላትም ከነደሞዟ ታርፋለች። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን አላት። እርጉዝ መሆን ለስንብት በቂ ምክንያት አይደለም። ለሕመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደሞዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደሞዝ ነው።

አዋጁ ጽንስ ለተቋረጠባት ሠራተኛ ራሱን የቻለ የፈቃድ ቀን ቆጥሮ አላስቀመጠም፤ በሕመም ፈቃድ ነው የምትታየው። የሕመም ፈቃድ ደግሞ የሚገባው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ነው፤ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሄድ ይችላል። በ2009 ዓ.ም በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬና ከደሴ ዙሪያ መጥተው የሚቀጠሩ ልጆች፣ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት፣ ብዙዎቹ በዚያ ሁለትና ሦስት ወር ውስጥ ያሉ ናቸው። ጥበቃ በጣም የሚያስፈልጋት ልጅ ሕጉ የማያገኛት ልጅ ናት። ማኅበር አቋም መያዝ አለበት የምንልበት ትልቁ ምክንያት ይህ ቀዳዳ ነው፤ የሚደፈነውም ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ነው።

አባላትን ማወያየት

ለዝግጅቱ ስድስት ሳምንት ያህል ስጡት። በቀጥታ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ በ200 ሰው ፊት «ስለ ውርጃ ማን ይናገር?» ማለት ሴቶቹን ዝም ያሰኛቸዋል፤ የሚናገሩት ጉዳዩ የማይነካቸው ብቻ ይሆናሉ።

መጀመሪያ የሴቶች ኮሚቴው ከ10 እስከ 15 ሆነው የሚቀመጡ ትንንሽ ቡድኖች ያወያይ፤ በፈረቃ ከፋፍሉት፣ የሌሊት ፈረቃዎቹ እንዳይቀሩ። ቦታው ከሱፐርቫይዘር ዓይን የራቀ ይሁን። ቡና ይፈላ፤ በወሎ ቡና የሌለበት ውይይት ችኩል ይሆናል። ዓርብ ከቀትር፣ እሑድ ጠዋትና የበዓል ዋዜማ አይሁን፤ በረመዳንም ከአስር ሰዓት በኋላ የተጠራ ስብሰባ ሰው ለፍጥር ስለሚጣደፍ ይበተናል። ከከሚሴና ከባቲ በኩል የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ካሉ በቋንቋቸው የሚያስረዳ ሰው ይኑር፤ «ተረድተዋል» ብሎ ማለፍ በኋላ «አልተነገረንም» ያመጣል።

አወያይዋ አንድ ሕግ ታስከብር፤ ማንም የራሱንም የሌላውንም ታሪክ እንዲናገር አይጠየቅም። ጥያቄው ስለ አሠራር ነው። «አንዲት ሠራተኛ ሦስት ቀን ታማ ብትቀር ወረቀቷን ማን ያየዋል?» «ስትቀጠሩ የእርግዝና ምርመራ ተጠይቃችሁ ነበር?» «ማታ ሰርቪሱ የሚያወርዳችሁ የት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ትክክለኛው ችግር ይወጣል። የመጨረሻው ጥያቄ ከርዕሱ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዋና አስፋልት ላይ አራግፎ የሚሄድ ሰርቪስ ልጆቹን በጨለማ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳቸዋል፣ መደፈርም እዚያ ይደርሳል።

ከወንዶቹም ጋር ለብቻ ተቀመጡ። መካኒኩም፣ የማቅለሚያ (ዳይንግ) ክፍሉ ሠራተኛም፣ ጥበቃውም ድምፅ አላቸው።

የሃይማኖት አባቶችን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ መድረክ ላይ ግን አታስቀምጧቸው። ለአባም ለሼሁም የሚነገረው ቃል አንድ ይሁን፤ «ማኅበሩ ድርጊቱን አይባርክም አያወግዝም፤ የምንወስነው ስለ ሕመም ፈቃድና ስለ ምስጢር ነው»። ለአንዱ ሌላ ለሌላው ሌላ ከተነገረ በሳምንት ውስጥ ይገናኛል፤ ያኔ የሚጠፋው እምነት ለሌላውም ጉዳያችሁ አይመለስም።

የድምፅ ወረቀቱ

ምልዓተ ጉባኤውንና የሚፈለገውን የድምፅ ብዛት ከመተዳደሪያ ደንባችሁ አንብባችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ድምፁ በምስጢር ይሁን። እጅ በማውጣት የሚሰጥ ድምፅ በዚህ ጉዳይ ላይ የሰውን ፍርሃት ነው የሚቆጥረው። ሁለቱን ጥያቄዎች በሁለት ወረቀት አቅርቡ፦

«1. ማኅበሩ፣ እርግዝናዋ በማናቸውም ምክንያት የተቋረጠ አባል ሥራዋ፣ ደሞዟና ምስጢሯ እንዲጠበቅ በኅብረት ስምምነት ይደራደር። እስማማለሁ / አልስማማም።»

«2. ማኅበሩ፣ ጽንስ ማቋረጥን የሚመለከተው ሕግ እንዳይጠብ በፌዴሬሽኑ በኩል ሐሳቡን ይግለጽ። እስማማለሁ / አልስማማም።»

በመጀመሪያው ላይ «በማናቸውም ምክንያት» የሚለው ቃል ይቆይ። ከደረጃ ወድቃ ጽንስ የወረደባትና በሐኪም የተቋረጠላት በወረቀቱ ላይ ካልተለያዩ አሠሪው «አንቺ የየትኛዋ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅበት በር አይኖረውም። አባላት ይህን ቃል እናውጣ ካሉ ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዱ፤ እምነቱ ጠንካራ የሆነ ሰው እንኳ ጽንስ የወረደባት እህት ስትመረመር ማየት አይፈልግም።

ሁለተኛው ጥያቄ ካለፈ ውሳኔው ከቃለ ጉባኤው ቅጂ ጋር ለፌዴሬሽኑ፣ በእሱም በኩል ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ይሂድ። ከወደቀ ወደቀ ነው። ኮሚቴው በጎን መግለጫ አያወጣም፤ ሊቀመንበሩም ለጋዜጠኛ ሲናገር «የማኅበራችን አቋም» አይልም። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ቢያልፍም ለአባሎቻችሁ የሚጠቅመው አብዛኛው ነገር እዚያ ውስጥ ነው።

ወደ ኅብረት ስምምነት መለወጥ

ያለፈው ውሳኔ ፋይል ውስጥ ከቀረ ምንም አይደለም። የድርድር ጥያቄውን በጽሑፍ ከረቂቁ ጋር ለአሠሪው ስጡ፤ የደረሰበትን ቀን አስፈርሙ። የኅብረት ስምምነት ሌላ ቀን ካልተቆረጠለት ለ3 ዓመት ይጸናል፤ ስለዚህ የላላ ቃል አስገብታችሁ ብትፈርሙ 3 ዓመት ትታሰሩበታላችሁ። የምንመክረው አነጋገር ይህን ይመስላል፦

«እርግዝናዋ በማናቸውም ምክንያት የተቋረጠ ሠራተኛ፣ የሙከራ ጊዜዋን ብትጨርስም ባትጨርስም፣ ከታወቀ የሕክምና ተቋም በሚሰጥ ማስረጃ ለ5 የሥራ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ ሐኪሙ ተጨማሪ ቀን ካዘዘ በሕመም ፈቃድ ይታሰባል። ማስረጃው የእረፍቱን ቀን ብዛትና ወደ ሥራ የምትመለስበትን ቀን ብቻ ይይዛል። የሕመሙ ዓይነት አይጠየቅም።»

አምስቱን ቀን እንደ መነሻ ቁጠሩት፤ አሠሪው ሦስት ቢል «ሙከራ ጊዜ» የሚለውንና «የሕመሙ ዓይነት» የሚለውን አሳልፋችሁ ሳትሰጡ በቀኑ ላይ ተደራደሩ። ቀን ቢያንስ በሐኪም ትእዛዝ ይጨመራል፤ ምስጢር ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ በዓይናችሁ ተከታተሉት። በብዙ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ለላይን ሱፐርቫይዘር ትሰጣለች፤ እሱ ለፈረቃ ኃላፊው፣ ኃላፊው ለሰው ኃይል፣ ሰው ኃይል ለደሞዝ ክፍል ያሳልፈዋል፤ መንገድ ላይ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ያድራል። ቢያንስ አራት ሰው አነበበው ማለት ነው። በስምምነቱ ውስጥ «ማስረጃው በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለሰው ኃይል ክፍል ለተመደበ አንድ ሰው ይሰጣል፤ ለሱፐርቫይዘሩ የሚደርሰው የቀን ብዛት ብቻ ነው» የሚል መስመር ጨምሩ። ፋብሪካው ክሊኒክ ካለው የክሊኒኩ መዝገብ የሚቆለፍ ይሁን።

ከዚሁ ጋር አብረው የሚሄዱ ሁለት አንቀጾች አሉ። አንዱ በቅጥርም ሆነ በሥራ ላይ የእርግዝና ምርመራ እንዳይጠየቅ የሚከለክል ነው። ሌላው የማታ ሰርቪስ መብራት ባለበት በተወሰኑ ቦታዎች እንዲያወርድ የሚያስገድድ ነው፤ የማቆሚያዎቹን ስም ዘርዝሩ፣ «አመቺ ቦታ» የሚል ቃል አትቀበሉ። ከተፈረመ በኋላ ስምምነቱ ለሚመለከተው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ቀርቦ ይመዝገብ።

አሠሪው «ይህ የግል ጉዳይ ነው፣ ማኅበርን አይመለከትም» ካለ መልሱ አጭር ነው፤ የግል ጉዳይ ስለሆነ ነው የሕመሙ ዓይነት አይጻፍ የምንለው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9ም አሳዩት፤ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚመጣን ጉዳት ለመከላከል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

የመጀመሪያዋ ልጅ ስትመጣ

ከሴቶች ኮሚቴው ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዷ በሌላ ፈረቃ የምትሠራ ብትሆን ሁልጊዜ አንዷ ትገኛለች። የሚቀድመው ቃል እንዲህ ይሁን፤ «አብሽሪ እህቴ። የምጠይቅሽ ስንት ቀን እንደቀረሽና ወረቀት እንዳለሽ ብቻ ነው። ምክንያቱን አልጠይቅሽም፣ አልጽፈውምም።» በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስም አይጻፍ፤ ቁጥርና ቀን ይበቃል። የኮሚቴ ስብሰባ ላይም «አንድ ጉዳይ ነበር፣ ተጠናቋል» ከሚለው በላይ አይነገር።

ተደፍራ ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም በቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ቢሮ። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ ብትሄድ ማስረጃው አይጠፋም።

ሥራ ቦታ ላይ ደም የፈሰሳት ልጅ ካጋጠመች ማንም ምክንያት አይጠይቅ። በተከታታይ 2 ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሁለት ሙሉ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ራስ መሳት ካለ ወዲያው መኪና ይፈለግ። ክሊኒኩ ጋ ተኝታ «ትንሽ ትረፍ» ማለት ሕይወት ያስከፍላል። ጽንሱ እንዴት እንደተቋረጠ ሳይታወቅም የጤና ተቋም ደሙን ማቆምና ማከም አለበት። ለዚህ ማኅበሩ ከመዋጮው ትንሽ የትራንስፖርት ገንዘብ ለብቻ ቢያስቀምጥና ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያደርስ ባለ ታክሲ ስልክ በጥበቃው ክፍል ቢለጠፍ ሌሊት ላይ ይጠቅማል።

ሠራተኛዋ ወይም የምታምነው ሰው መቅረቷን በማግስቱ ለአሠሪው ያሳውቅ። ይህ ቀላል ነገር ነው የብዙዎችን ሥራ የሚያጠፋው፤ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። የክፍል ጓደኛዋ በስልክ «ታማለች» ብትል በቂ ነው፤ የደወለችበትን ሰዓትና ያነጋገረችውን ሰው ስም ትጻፍ።

ከተሰናበተች ደብዳቤውን በዚያው ቀን ተቀበሏት። ስንብቱ በእርግዝናዋ ምክንያት ከሆነ አዋጁ በቂ ምክንያት አይደለም ስለሚል ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጥያቄ ግን በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ጊዜው አልፏል ተብሎ በይርጋ ይታገዳል። አንዳንዶቹ ልጆች አፍረው ወደ ገጠር ይመለሱና ሲረጋጉ አራተኛው ወር ገብቷል። ስለዚህ የውክልና ወረቀቱን ከመሄዷ በፊት አስፈርሙ፤ ስልኳንና የቅርብ ሰው ስልክ ያዙ፤ ክሱን ማኅበሩ ያቅርብላት፣ እሷ ቃሏን ለመስጠት ብቻ ትምጣ።